እሳትን የመጠነው ሰው

የዚህ ዓመት መጽሔት አዘጋጆች አርአያችሁ ስለሆነ ሰው ጻፉ ሲሉን፣ የባቼ ልጆች ማንን እንደምጠራ ሳይገምቱ አይቀሩም። ፈረንሳዊው ኢንጂነር ዩጂን ሁድሪ ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1892 ፓሪስ አጠገብ ዶሞን ውስጥ ነው። መካኒካል ምህንድስና ተማረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በታንክ ክፍል ሲዋጋ ቆሰለ። የመኪና ውድድር ይወድ ስለነበር የተሻለ ቤንዚን ፍለጋ ገባ።

ሲሊካና አሉሚና ያለበት ካታሊስት ከባዱን ዘይት ወደ ቤንዚን እንደሚሰብር ደረሰበት። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ካታሊስቱ በደቂቃዎች ውስጥ ካርቦን ለብሶ ይደክማል። ሁድሪ አልጣለውም፤ አየር እየነፋ ካርቦኑን አቃጥሎ አደሰው። ሙቀቱ ካነሰ ካርቦኑ አይነድም፣ ከበዛ ደግሞ ካታሊስቱ ራሱ ይሞታል። ስለዚህ ትርፉን ሙቀት በቱቦ የሚዘዋወር ቀልጦ የፈሰሰ ጨው እንዲወስደው አደረገ። አንዱ ሪአክተር ሲሠራ ሌላው ይታደሳል። በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ፣ ማርከስ ሁክ ላይ ትልቁ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የአውሮፕላን ቤንዚን ከዚሁ ዘዴ በብዛት ተገኘ።

እኔ ይህን የተማርኩት በጥፋቴ ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ በሌሊት ፈረቃ፣ እድሳቱ ቶሎ ይለቅልኝ ብዬ አየሩን ለቀቅ አደረግኩት። ሙቀቱ ሽቅብ ወጣ፤ ሲነጋ ካታሊስቱ አልቆለት ነበር። አለቃዬ አላባረሩኝም፤ የሚቀጥለውንም እድሳት ለእኔው ሰጡኝ። የሁድሪን ታሪክ ያነበብኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

እሱም ኑሮውን እንደገና ጀምሯል። የቪሺን መንግሥት በመቃወሙ የፈረንሳይ ዜግነቱን ተነጠቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካዊ ሆነ። በኋላም የመኪና ጭስ የሚያጣራ ካታሊስት ሠራ። ቤንዚን ውስጥ የነበረው እርሳስ ካታሊስቱን ይመርዘው ስለነበር መሣሪያው በየመኪናው ሲገጠም ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1962 አረፈ።

ባለፈው በጋ አገሬ መንዝ ሄጄ ነበር። በእኛ ደጋ የደከመ መሬት አፈሩ ተቆልሎ ከውስጥ ይቃጠልና ገብስ ይዘራበታል። እሳቱ ካየለ ግን አፈሩ ገል ሆኖ ይቀራል። አንድ አባት ነበልባል ብቅ ባለበት ሁሉ አፈር እየመለሱ ሲያፍኑት ቆሜ አየኋቸው። ሁድሪ አጠገቤ ቢሆን ኖሮ ሥራቸው ወዲያው ይገባው ነበር።