አሌክ ሪቭስ፤ ድምፅን በቁጥር የጻፈ መሐንዲስ

በስልክ የሚነጋገር ሰው ድምፁ በመንገድ ላይ ወደ ቁጥር ተለውጦ እንደሚጓዝ ብዙ ጊዜ አያስብም። ይህን ዘዴ ለንግግር ማስተላለፊያ በተሟላ መልኩ ነድፎ ያቀረበው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አሌክ ሪቭስ ነው። ታሪኩ ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚያስተምረው ስለ ግኝቱ ብቻ ሳይሆን፣ ግኝቱ ሥራ ላይ እስኪውል ስለ ጠበቀው ረጅም ዘመንም ነው።

ሪቭስ እ.ኤ.አ. በ1902 በእንግሊዝ አገር በሬድሂል ከተማ ተወለደ። በለንደን ምህንድስና ከተማረ በኋላ በ1923 ሥራ ጀመረ፤ በ1927 በአትላንቲክ ማዶ ለማዶ የሬዲዮ ቴሌፎን አገልግሎት የከፈቱትንም መሐንዲሶች በሥራ አግዟል። ከዚያም ወደ ፓሪስ፣ ወደ አይ.ቲ.ቲ. ኩባንያ የምርምር ክፍል ተዛወረ።

በዚያ ዘመን የረጅም ርቀት ስልክ ዋነኛ ጠላት ጫጫታ ነበር። በየጣቢያው የተተከለው ማጉያ ንግግሩን ሲያጎላ አብሮት የመጣውንም ጫጫታ ያጎላል፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ጫጫታው ይከማቻል። ሪቭስ በ1938 በፈረንሳይ ባስመዘገበው ፓተንት ችግሩን ከሥሩ ነቀለው። ድምፁ በሴኮንድ 6,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልክ ከ32 ደረጃዎች በአንዱ ተመድቦ በአምስት የ«አለ» ወይም «የለም» ምልክቶች ይጻፋል። ጣቢያው ምልክቱ መኖር አለመኖሩን ብቻ ለይቶ አዲስና ንጹሕ ምልክት ስለሚልክ ጫጫታው ተከትሎ አይሄድም።

ይሁን እንጂ ለዚህ ጥቅም የሚከፈል ዋጋ ነበር። አንደኛው ማጣሪያ ነው። በሴኮንድ 6,000 ጊዜ የሚለካ ድምፅ ከ3,000 ኸርዝ በላይ የሆነ ነገር ከያዘ፣ ያ ትርፍ ሐሰተኛ መልክ ይዞ ይመለሳል፤ የ4,000 ኸርዝ ቃና የ2,000 ኸርዝ ቃና መስሎ ይገኛል። ከተለካ በኋላ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ስለማይቻል ማጣሪያው ከመለኪያው መቅደም አለበት። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የቫኪዩም ቱቦ ክሩ ካልጋለ አይሠራም፤ ተናጋሪው ዝም ባለ ጊዜም ኃይል ይበላል። በ1943 አሜሪካኖች ዋሽንግተንን ከለንደን ጋር በምሥጢር ለማነጋገር በዚሁ መርሕ የሠሩት ሲግሳሊ የተባለ መሣሪያ በእያንዳንዱ ጫፍ 55 ቶን ያህል ይመዝን፣ 30 ኪሎዋት ያህልም ይወስድ ነበር። ይህ ሁሉ ለአንድ ንግግር ብቻ ነው! ለመሪዎች የተቻለው ለተራው ደንበኛ የማይታሰብ ነበር።

በ1940 ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲይዙ ሪቭስ ወደ አገሩ ተመለሰ። በጦርነቱም ወቅት ኦቦ የተባለውን የአውሮፕላን መምሪያ የሬዲዮ ሥርዓት ከፈጠሩት አንዱ ሆነ።

የሐሳቡ ጊዜ የደረሰው ከ1947 በኋላ፣ ትራንዚስተር ሲፈለሰፍ ነው። የሚጋል ክር የሌለውና በጥቂት ኃይል የሚሠራው ይህ ዕቃ የቱቦውን ሸክም አቃለለ። በ1962 በአሜሪካ አገልግሎት የጀመረው ቲ-1 የተባለው ሥርዓት እያንዳንዱን ድምፅ በሴኮንድ 8,000 ጊዜ እየለካ 24 ንግግሮችን በአንድ መሥመር አስተላለፈ። ሪቭስ ግን በ1942 ያገኘው የአሜሪካ ፓተንት የ17 ዓመት ዘመኑን ቀደም ብሎ ጨርሶ ነበር። ዛፉን የተከለው ሰው ፍሬው ሲለቀም ድርሻ አልነበረውም።

እርሱ ግን ወደ ኋላ እያየ አልተቀመጠም። በእንግሊዝ አገር በስታንዳርድ ቴሌኮሚዩኒኬሽን ላቦራቶሪዎች በብርሃን የመገናኘትን ምርምር አስጀመረ፤ ቻርለስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም በ1966 ስለ መስታወት ክር ያወጡት ታዋቂ ጥናት የተገኘው ከዚሁ ላቦራቶሪ ነው። ሪቭስ በ1971 አረፈ።

ዛሬ መለወጫው ከጥፍር ባነሰ ቁራጭ ላይ ይሠራል፤ ሂሳቡ ግን አልተለወጠም። ጫጫታ ወሰን በሆነበት መለወጫ አንድ ተጨማሪ ቢት የሚጠይቀው ኃይል አራት እጥፍ ገደማ ነው። አዘውትሮ መለካት የማጣሪያውን ሥራ ያቀላል፤ ኃይሉን ግን ያስወጣል። ስለዚህ ንድፍ ስናወጣ አስቀድመን መጠየቅ ያለብን ምን ያህል ቢት እናገኛለን ብለን ሳይሆን፣ ሥራው በእርግጥ ስንቱን ይፈልጋል ብለን ነው። ሪቭስ ለሰው ንግግር አምስት ቢት በቂ መነሻ ነው ብሎ መጀመሩ ድፍረት ብቻ ሳይሆን የመሐንዲስ ልክን ማወቅም ነበር።