«ሳይሆን አይቀርም» ስንት ፐርሰንት ነው?

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ቆቦ የነበረ ሰው ይህን አይረሳውም። ኔትወርክ የለም። ከአላማጣ በኩል የመጣ መንገደኛ ከተገኘ ወዲያው ይከበባል፤ ጥያቄውም ያው አንድ ነው፦ ጦርነቱ እዚህ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? መልሱም ብዙ ጊዜ አንድ ነበር፤ ሳይደርስ አይቀርም። ይቺን ቃል የሰማ አንዱ ልጆቹን ይዞ ወደ ወልዲያ ወጣ። ሌላው እሷኑ ሰምቶ ሱቁን ከፍቶ ዋለ። አንዱ ደግሞ እስቲ እስከ ነገ እንይ ብሎ ተቀመጠ። በነሐሴ 2014 ይኸው ጭንቀት ተመልሶ መጣ።

የሰሙት አንድ ቃል፣ የወሰኑት ሦስት ዓይነት። በዚህ ጉዳይ ራሱን ሲያስጨንቅ የኖረ አንድ ታሪክ አስተማሪ ነበር። ስሙ ሸርማን ኬንት ይባላል። ዛሬ የመረጃ ትንተናን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚማር ሰው ስሙን ሳይሰማ አይመረቅም።

ኬንት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1903 ቺካጎ ሲሆን ያደገው ካሊፎርኒያ ነው (ከዚህ በኋላ ስለ እሱ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ቤቱ የደላው ቤት ነው። አባቱ የኮንግረስ አባል ነበር፤ እናቱ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለች ሴት። ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ያለውን የሙይር ውድስ ጥንታዊ ደን ከነመሬቱ ገዝተው ለመንግሥት የሰጡት የእሱ ወላጆች ናቸው። ልጁ ዬል ገብቶ ታሪክ ተማረ፣ በ1933 ዶክትሬቱን ያዘ፣ እዚያው አስተማሪ ሆኖ ቀረ። ያጠናው በንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ምርጫ እንዴት ይካሄድ እንደነበር ነው። ከዚህ የደረቀ ርዕስ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል! ሰውየው ግን ደረቅ አልነበረም፤ ፕሮፌሰር ሆኖ አፉ እንደ ከብት ነጋዴ ነው ይሉታል፣ ስድብ አይቀረውም።

በ1941 ለተማሪዎች ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስተምር መጽሐፍ አወጣ። ማስረጃ እንዴት ይሰበሰባል፣ ምንጭ እንዴት ይፈተሻል፣ የሰማኸውን ካረጋገጥከው እንዴት ትለያለህ። በኋላ ለስለላው ዓለም ያበረከተው ነገር ሁሉ፣ እንደኔ ከሆነ፣ ዘሩ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

በዚያው ዓመት አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ልትገባ ስትል ዊሊያም ዶኖቫን የተባለው ሰው አዲስ የመረጃ ቢሮ ማቋቋም ጀመረ። ቢሮው በኋላ ኦኤስኤስ ተባለ። ዶኖቫን ፓራሹት የሚዘሉትን ብቻ ሳይሆን ፕሮፌሰሮችንም ሰበሰበ፤ የታሪክ ሰው፣ የጂኦግራፊ ሰው፣ የኔ ቢጤ ኢኮኖሚስትም አልቀረም። ኬንት የአፍሪካ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ሥራው ሲታይ ፊልም ላይ ከምናየው ጋር አይገናኝም። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ካርታ መዘርጋት፣ የድሮ ጋዜጣ ማገላበጥ፣ የባቡር ኩባንያ ሪፖርት መቁጠር። በኅዳር 1942 የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር ሞሮኮና አልጄሪያ ላይ ሲያርፍ፣ ስለ ወደቡና ስለ ሐዲዱ ከያዛቸው ጥናቶች እነዚህ መነጽራሞች እንቅልፍ አጥተው ያዘጋጇቸው ነበሩበት። ምስጢር ነው የሚባለው ነገር ብዙው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንደነበር ያን ጊዜ ታየ።

እዚህ ላይ ወደ እኛ አገር ልመለስ። ዐድዋን ስናወራ ባሻይ አውዓሎምን እናነሳለን፤ ለጣሊያን የሚሰልል መስሎ ባራቲየሪን ያሳሳተው የእንትጮ ሰው። ጀግንነቱ እንዳለ ሆኖ ታሪኩን ከጣሊያን በኩል እስቲ እንየው። ባራቲየሪ ወሬ አምጪ አልጎደለውም። የጎደለው ያመጡለትን ወሬ ከሌላ ጋር አስተያይቶ የሚጠይቅ ሰው ነው። በእጁ የነበረው ንድፍ ካርታ እንኳ ስህተት ነበር፤ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ ሌላ ቦታ ነበር ያስቀመጠው። አንዱ ብርጌድ ያንን ተከትሎ ሄዶ ለብቻው ተከበበ።

ኬንት በ1949 ያሳተመው መጽሐፍ ዋና ነገሩ ይኸው ነው። በአማርኛ መረጃ ስንል ተራውን ወሬም የተጣራውንም በአንድ ቃል እንጠራለን፤ እሱ ግን ሁለቱን መለየት አለብን ባይ ነው። የተሰበሰበው ጥሬ ነው። ዕውቀት የሚሆነው ሲፈተሽ፣ ሲመዘን፣ ከማይስማማው ጋር ሲጋጭ ነው። ተንታኙ ደግሞ ለባለሥልጣኑ በጣም ከራቀ የማይፈለግ ነገር ይጽፋል፣ በጣም ከቀረበ ሰውየው መስማት የሚፈልገውን ይጽፋል።

በ1950 ኮሪያ ላይ ጦርነት ተነስቶ ዋሽንግተን ስትደናገጥ ኬንትን ከዬል ጠሩት። የተሰጠው ሥራ በሲአይኤ ውስጥ ብሔራዊ ግምቶችን የሚያዘጋጅ ቢሮ ነው። መጀመሪያ ምክትል ሆነ፣ ከ1952 እስከ 1967 ደግሞ ሰብሳቢ።

ዋናው ታሪክ የደረሰው በ1951 ነው። የዩጎዝላቪያው ቲቶ ከስታሊን ጋር ተጣልቷል፤ ሶቪየትና ጎረቤቶቹ ይወሩታል ወይ የሚል ግምት ተጻፈ። ቡድኑ ተከራክሮ፣ ቃል መርጦ፣ ወረራው በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው ዕድል ነው ብሎ ፈረመ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አንድ ባለሥልጣን ኬንትን አግኝቶ በጨዋታ መሀል ያ አባባል ስንት ማለት እንደሆነ ጠየቀው። ኬንት 65 ለ35፣ ወደ መውረሩ ያደላል አለው። ሰውየው ደነገጠ። እነሱ ያነበቡት ከዚያ እጅግ ባነሰ ነበር።

ኬንት ነገሩ አልተዋጠለትም። ተመልሶ አብረውት የፈረሙትን ባልደረቦቹን አንድ በአንድ ጠየቀ። አንዱ 80 ለ20 ይወራሉ ብሎ ነው የፈረመው። ሌላው 20 ለ80። ሁሉም ግን አንድ ወረቀት ላይ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ስር ነው ያሉት። ተስማምተናል ብለው የተለያዩት ቃሉ ላይ እንጂ ነገሩ ላይ አልነበረም። (ወረራው አልመጣም። ለኬንት ግን ጉዳዩ እሱ አልነበረም።)

ከዚያ በኋላ ለቃላት ቁጥር መስጠት ጀመረ። ከሞላ ጎደል እርግጥ ነው ከተባለ 93 በመቶ አካባቢ፤ ሳይሆን አይቀርም 75፤ እኩል ዕድል 50፤ የሚሆን አይመስልም 30፤ አይሆንም ማለት ይቻላል 7። ለእያንዳንዱም ትንሽ ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዣ ተወለት። መሥሪያ ቤቱ ግን ለሁለት ተከፈለ። ኬንት አንዱን ወገን የሒሳብ ሰዎች፣ ሌላውን ገጣሚዎች ብሎ ጠራቸው። ገጣሚዎቹ ያላወቁትን ነገር በቁጥር ማስዋብ ማታለል ነው ይላሉ፤ ይሄ ክርክር ባዶ አይደለም። እኔ ግን ከሒሳቦቹ ጋር ነኝ። እስቲ ቤታችሁ ሞክሩት። እናቴ ሳይሆን አይቀርም ካለች ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ሲላት ግን ግማሽ በግማሽ ነው። በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ!

ኬንት በ1964 ይህን ሁሉ በጽሑፍ አወጣው። ሚዛኑ ግን በእሱ ዘመን የመሥሪያ ቤት ደንብ አልሆነም፤ ገጣሚዎቹ አሸነፉ።

ትልቁ ስህተቱ በመሀል የመጣው ነው። መስከረም 19 ቀን 1962 ቢሮው ስለ ኩባ አንድ ግምት ሰጠ፤ ሶቪየት የኒውክሌር ሚሳይል እዚያ ታስቀምጣለች ተብሎ አይጠበቅም የሚል። ምክንያቱ የሞኝ አልነበረም፤ ሶቪየቶች ከአገራቸው ውጭ እንዲህ አድርገው አያውቁም፣ አደጋውም ከጥቅሙ ይበልጣል። የሲአይኤው አለቃ ጆን ማኮን ግን በጫጉላ ሽርሽር ላይ ሆኖ እንኳ ከፈረንሳይ ተቃውሞውን ይልክ ነበር። ጥቅምት 14 ቀን የስለላ አውሮፕላን ፎቶ አነሳ። ሚሳይሎቹ እዚያው ነበሩ።

ኬንት ስህተቱን አልደበቀም፤ ቁጭ ብሎ የተሳሳቱበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ጻፈው። ሆኖም መደምደሚያው ላይ ራሱን ተከላከለ። የተሳሳተው ክሩሽቼቭ ነው፣ እኛ ያሰብነው ጤነኛ ሰው እንደሚያስበው ነው አለ። እዚህ ላይ አልስማማለትም። ያኛው ሰውም በእኔ ሒሳብ ያስባል ብሎ መነሳት ራሱ ያልተፈተሸ ወሬ ነው። ታሪክ አስተማሪው ለተማሪዎቹ የከለከለውን ነገር ነው ያደረገው።

ቀሪውን ባጭሩ። በ1955 የመረጃ ሥራ የራሱ ጽሑፍ ከሌለው ሙያ አይሆንም ብሎ የውስጥ መጽሔት እንዲጀመር አደረገ፤ መጽሔቱ ዛሬም ይታተማል። በ1967 ጡረታ ወጣ፣ በ1986 ዋሽንግተን ውስጥ አረፈ። እሱ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ ፔንሲልቫኒያ ያለው ሜርሲኸርስት ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመረጃ ትንተና ትምህርት ከፈተ፤ በ2000 ደግሞ ሲአይኤ የተንታኞች ትምህርት ቤቱን በስሙ ሰየመው። ኢራቅ ላይ ከተፈጠረው ውርደት በኋላ፣ በ2007 ስለ ኢራን የወጣው ግምት መግቢያው ላይ ሳይሆን አይቀርም ስንል ምን ማለታችን ነው የሚል ማብራሪያ ይዞ ወጣ። ሰውየው ከሞተ 21 ዓመት ሆኖት ነበር።

ከቆቦ በስተምሥራቅ ከዞብል ማዶ ያሉት አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ተቀምጦ ወሬ ይለዋወጣል፤ ግን እንዲሁ አይደለም፤ በዓይንህ ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው፣ ከሰማህ ከማን፣ መቼ ተብሎ ይጣራል። የውሸት ዳጉ የተናገረ ሰው ስሙ ይበላሻል። ኬንት ይህን ቢያውቅ ምን ያህል ደስ ይለው እንደነበር አስባለሁ።

አምና ሚያዝያ ላይ ቆቦ ሄጄ አጎቴ ጋ ቁጭ ብለን ሬዲዮ የዝናብ ትንበያ ያወራል፤ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድል አለው ይላል። አጎቴ ወደኔ ዞረው ዕድል ሲሉ ስንት ነው ብለው ጠየቁኝ። ደጋሊት ማሽላ በጊዜ መዘራት አለበት፤ ዝናቡ ከቀረ ዘሩም ይቀራል፣ ከጠበቁ ደግሞ የሚቀራቸው ጤፍ ነው። ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ፣ ግን ሬዲዮው ቁጥር አልተናገረም፣ እኔም የምሰጣቸው አልነበረኝም። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። በማግስቱ በሬያቸውን ጠምደው ግማሹን ማሳ ደጋሊት ዘሩበት፣ ግማሹን ለጤፍ አስቀሩት።