ዊልያም ኮሊ፤ ትኩሳትን መድኃኒት ያደረጉ ሐኪም

አንድ ሐሳብ እውነትነት እያለው ማስረጃው በሚገባ ስላልተደራጀለት ብቻ ለብዙ ዘመን ተቀብሮ ሊቀር ይችላል። ለዚህ ምሳሌ ከሚሆኑት የሕይወት ታሪኮች አንዱ የአሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም የዶክተር ዊልያም ኮሊ ታሪክ ነው። እኚህ ሰው የሰው አካል በሌላ በሽታ ምክንያት በብርቱ ሲቆጣ ካንሰርንም አብሮ ሊያጠፋ እንደሚችል ተመልክተው፥ ይህንኑ በሥራ ለማሳየት አርባ ዓመት ያህል ደክመዋል።

ዶክተር ኮሊ የተወለዱት በአገራችን አፄ ቴዎድሮስ ነግሠው በነበሩበት ዘመን፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1862 ዓ.ም. በአሜሪካ በኮነቲከት ግዛት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በየል ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ በ1888 ከሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው በኒውዮርክ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኤልሳቤጥ ዳሺል የተባለች የ17 ዓመት ልጃገረድ እጇን ታማ ወደ እርሳቸው ቀረበች። ሕመሙ ቀላል ጉዳት ይመስል ነበር፤ ሲመረመር ግን ሳርኮማ የሚባለው የካንሰር ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ክንዷ ከክርኗ በታች ተቆረጠ። ይሁን እንጂ በሽታው ወደ ሌላው አካሏ ተሠራጭቶ ስለ ነበር በጥር ወር 1891 ዐረፈች።

ወጣቱ ሐኪም በዚህ ሞት እጅግ አዘኑ። ሐዘናቸውም ወደ ሆስፒታሉ መዝገብ ቤት መራቸው። በዚያም በሳርኮማ ታመው የነበሩትን ሰዎች ፋይል አንድ በአንድ ሲመረምሩ፥ ስታይን የሚባል ከጀርመን አገር የመጣ ስደተኛ ታሪክ አገኙ። ይህ ሰው በአንገቱ ላይ የወጣው ዕጢ በተደጋጋሚ በቀዶ ሕክምና ቢወጣም ተመልሶ እያደገ ሐኪሞቹን ተስፋ አስቆርጦ ነበር። በዚህ መካከል ኤሪሲፔላስ የሚባለው፥ ቆዳን የሚያቀላና የሚያሳብጥ፥ ብርቱ ትኩሳትም የሚያስከትል በሽታ ያዘው። ትኩሳቱ በተመላለሰ ቁጥር ዕጢው እየሟሸሸ ሄዶ ጠፋ፤ ሰውየውም ድኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ኮሊ በወረቀቱ ብቻ አልረኩም። ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት የኒውዮርክ ሠፈር ሰውየውን አፈላልገው፥ ሰባት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በሕይወትና በሙሉ ጤና አገኙት።

ከዚህ በኋላ ተፈጥሮ በአጋጣሚ ያደረገችውን እርሳቸው ሆን ብለው ሊያደርጉት ቈረጡ። በ1891 ዓ.ም. ዕጢ ጉሮሮውን ዘግቶት ለነበረ አንድ ጣሊያናዊ ሕመምተኛ የኤሪሲፔላስን ሕያው ባክቴሪያ ወጉት። ከብዙ ሙከራ በኋላ በሽታው ያዘው፤ ትኩሳቱም ለሞት አቀረበው። በሁለት ሳምንት ያህል ግን የአንገቱ ዕጢ ጠፋ፤ ሰውየውም ለዓመታት ኖረ። ነገር ግን ይህ ሕክምና በሁለት በኩል የተሳለ ሰይፍ ነበር፤ በዚሁ ሙከራ በበሽታው የሞቱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ኮሊ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎችን በሙቀት ገድለው አንድ ላይ በማዋሐድ፥ በኋላ የኮሊ መርዝ የተባለውን መድኃኒት አዘጋጁ። በጥር ወር 1893 በሆዱ ውስጥ ትልቅ ዕጢ ለነበረበት ወጣት መስጠት ጀመሩ። ዕጢው በወራት ውስጥ ጠፋ፤ ወጣቱም 26 ዓመት ኖሮ በልብ ሕመም ሞተ።

ታዲያ ይህን የመሰለ ሥራ ስለምን ተረሳ? አንደኛ፥ በ1895 የራጅ ጨረር ተገኘ፤ ራዲየምም ተከተለው። የጨረር መጠን ይለካል፤ ውጤቱም ቶሎ ይታያል። ኮሊ በሚሠሩበት በሜሞሪያል ሆስፒታል የነበሩት ታዋቂው የካንሰር ሊቅ ጀምስ ዩዊንግም ወደ ጨረሩ ያደሉ ነበር። ሁለተኛ፥ መድኃኒቱ ለምን እንደሚሠራ ኮሊም ሆኑ ሌሎች ማስረዳት አልቻሉም። ሦስተኛው ምክንያት ግን ከራሳቸው የመጣ ነበር። የመድኃኒቱ አቀማመም በየጊዜው ይለዋወጥ፥ መጠኑም ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ ይለያይ ነበር፤ የታከሙትን ሰዎች የኋላ ኑሮ የሚያሳየው መዝገብም የተሟላ አልነበረም። ከዚህም የተነሣ ሌሎች ሐኪሞች ያንኑ ውጤት ለማግኘት ተቸገሩ። ዶክተር ኮሊ የማይጨው ጦርነት በተካሄደ በሁለት ሳምንቱ፥ በሚያዝያ 1936 ሲያርፉ ሥራቸው ከመዘንጋት ደርሶ ነበር።

ከመረሳት ያዳነቻቸው ልጃቸው ሔለን ናት። የሕክምና ትምህርት ባይኖራትም የአባቷን ወረቀቶች ሰብስባ፥ ለሐኪሞችና ለቤተሰቦች ደብዳቤ እየጻፈች አንድ ሺህ ያህል የሕመምተኞች ታሪክ አጠናቀረች፤ በ1953ም የካንሰር ምርምር ተቋም በኒውዮርክ መሠረተች። ከጊዜ በኋላ የሊቃውንት ጥናት የጎደለውን ማብራሪያ አመጣ። በደማችን ውስጥ የሚዘዋወሩት ተከላካይ ሕዋሳት የታመመውን ሕዋስ ለይተው ሊገድሉት ይችላሉ፤ ካንሰር ግን ይሸሸጋቸዋል ወይም ያስተኛቸዋል። የባክቴሪያ መምጣት ሊቀሰቅሳቸው ይችላል። ካንሰር በእነዚህ ሕዋሳት ላይ የሚጠቀምበትን ልጓም መፍታት እንደሚቻል ያሳዩት ጀምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆም በ2018 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በሐዋሳ አዲስ ከተማ እንደሚወለደው ሕፃን ሁሉ የአገራችን ሕፃናት ቢ.ሲ.ጂ. የሚባለውን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት በክንዳቸው ይወጋሉ። ይኸው ክትባት ኃይሉ ከተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ የሚዘጋጅ ሲሆን፥ ከ1976 ወዲህ ወደ ሽንት ፊኛ እየገባ በዚያ የሚነሣውን ካንሰር ለማከም ያገለግላል። ይሁንና አዲሶቹ መድኃኒቶች ለሁሉም ሕመምተኛ አይሠሩም፤ የኮሊም መርዝ ዛሬ መደበኛ ሕክምና አይደለም። ትኩሳት በራሱ መድኃኒት ነው ብሎ ሐኪም ሳያዩ መቆየትም አደገኛ ስሕተት ነው።

ተማሪውና ወጣቱ ሹም ከዚህ ታሪክ የሚያገኙት ትምህርት ይህ ነው። በኒውዮርክ ሆስፒታል የነበረ አንድ ጸሐፊ የድኻውን ስደተኛ ሕመም አሟልቶ ባይመዘግብ ኖሮ ኮሊ መነሻ አያገኙም ነበር። የኮሊም መዝገብ እንዲሁ የተሟላ ቢሆን ኖሮ ሐሳባቸው ያን ያህል ዘመን ባልጠበቀ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል የሚይዝ ወጣት ይህን ቢያስብ፥ በእጁ ያለው ወረቀት ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ይረዳል።