የፒዬር ኩሪ ሕይወትና የተጨመቀው ድንጋይ

ፒዬር ኩሪ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ከባለቤቱ ከማሪ ጋር ራዲየምን ማግኘቱን ነው። ነገር ግን ይህ ሊቅ ገና ወጣት ሳለ የደረሰበት ሌላ ነገር ዛሬ የሞተርን ንዝረት ለመለካት ስለሚያገለግል፥ ታሪኩን በዚህ በኩል ለአንባቢዎች ማቅረብ ወደድሁ።

ፒዬር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበሩ። ልጁ ሐሳቡ ዝግ ያለ፥ አንድ ነገር ከያዘ ግን እስኪጨርሰው ድረስ የማይለቅ ስለ ነበረ፥ ወላጆቹ ትምህርት ቤት ሳይልኩ በቤት አስተማሩት። እንዲህ ያደገው ልጅ በ18 ዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ተቀበለ። ወዲያው ለዶክተርነት እንዳይማር ግን ገንዘብ አነሰውና በሶርቦን የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

በ1880 ዓ.ም. ፒዬር ከታላቅ ወንድሙ ከዣክ ጋር ኳርትዝን የመሰሉ ድንጋዮች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያወጡ አረጋገጠ። ድንጋዩን በሁለት ስስ የቆርቆሮ ልባጮች መካከል አስገቡ፤ ኤሌክትሪኩ እንዳያመልጥ በውጭ በኩል ደረቅ ጎማ አደረጉበት፤ ከዚያም በሞርሳ አጥብቀው ጨመቁት። ቆርቆሮዎቹን ከመለኪያ ጋር በሽቦ ቢያገናኙ መለኪያው ኤሌክትሪክ መኖሩን አሳየ። ፒዬር በዚያን ጊዜ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር።

ወንድማማቾቹ በዚሁ ኳርትዝ እጅግ ጥቂት የሆነን ኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ ሠሩ። ፒዬርና ማሪ በ1895 ዓ.ም. ከተጋቡ በኋላ ማሪ የጨረርን ኃይል የለካችው በዚህ መሣሪያ ነው። በ1898 ዓ.ም. ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ፤ በ1903 ዓ.ም. ከአንሪ ቤክሬል ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ፒዬር ግን በ1906 ዓ.ም. በዝናብ ቀን የፓሪስን መንገድ ሲያቋርጥ በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ገጭቶት በ46 ዓመቱ ሞተ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተማሪው የነበረው ፖል ላንዥቬን ኳርትዝን ባሕር ሰርጓጅ መርከብን ለመፈለጊያ አዋለው፤ መምህሩ ግን ይህን ለማየት አልታደለም።

ዛሬ በሞተር ላይ የሚታሰረው የንዝረት መለኪያ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በውስጡ ኳርትዝ ወይም በፋብሪካ የተሠራ እንደ ሸክላ ያለ ነገር አለ፤ በላዩም ትንሽ ክብደት ተጭኖበታል። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ክብደቱ ድንጋዩን ይጫነዋል፤ ድንጋዩም የንዝረቱን ልክ የሚያሳይ ኤሌክትሪክ በሽቦ ይልካል። ኩሽኔታ መበላሸት ሲጀምር፥ ሞተሩ ሳይሰበርና ሠራተኛውን ሳይጎዳ አስቀድሞ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው በደንብ ካልታሰረ ትክክለኛውን አይናገርም። ቦታው ከኩሽኔታው አጠገብ መሆን አለበት፤ ቀለሙ ተፍቆ፥ ብረቱ ተስተካክሎና ጸድቶ፥ ጥቂት ቅባት ተቀብቶ በብሎን ቢጠብቅ ከሁሉ ይበልጣል። ለአጭር ጊዜ፥ ሙቀት በሌለበት ቦታ፥ በስሱ የተቀባ የንብ ሰም ይበቃል። ማግኔትም ያገለግላል፤ ነገር ግን በጣም ፈጣኑን ንዝረት በትክክል አያሳይም። በእጅ ብቻ ደግፎ መያዝ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ሽቦውም ከሞተሩ ጋር መታሰር አለበት፤ ተንጠልጥሎ ከተወዛወዘ ራሱ የሐሰት ኤሌክትሪክ ይፈጥራልና።

እንግዲህ በሞርሳው ዘመን ቆርቆሮውንና ጎማውን በጥንቃቄ ያኖሩት ወንድማማቾችና ዛሬ ብሎኑን የሚያጠብቀው መካኒክ አንድ ሥራ ይሠራሉ። እኛም ተማሪዎች ትምህርት ቶሎ አልገባን ሲል ተስፋ እንዳንቆርጥ፥ ዝግ ያለ ነው የተባለውን ይህን ልጅ እናስብ። ወላጆቻችንም የልጃቸውን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄውንም ይመልከቱለት።