አንሴል ኪስ፦ የቅባት ዓይነት ለልብ ለውጥ እንደሚያመጣ ያሳዩት ሰው

ኮሌስትሮላቸው ከፍ ላለ ታካሚዎቼ ስለ ምግብ የምሰጠው ምክር በአብዛኛው የሚመዘዘው ከአንሴል ኪስ ጥናት ነው። ሰውየው ግን ሐኪም አልነበሩም።

ኪስ እ.ኤ.አ. በ1904 በአሜሪካ ኮሎራዶ ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወታደሮች የሚሆን ስንቅ አዘጋጁ፤ በ36 ፈቃደኛ ወጣቶች ላይም ረሃብ በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አጠኑ።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጣሊያን ናፖሊ ሄዱ። ባለቤታቸው ማርጋሬት የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ነበሩና የከተማዋን ሠራተኞች ኮሌስትሮል ለኩ። ዝቅተኛ ነበር። እነዚህ ሰዎች ፓስታ፣ አትክልትና ጥራጥሬ የሚበሉ፣ ሥጋ አልፎ አልፎ የሚቀምሱ ነበሩ።

በ1958 በሰባት አገሮች ከ12 ሺህ በላይ ወንዶችን መከታተል ጀመሩ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የምሥራቅ ፊንላንድና የግሪኳ ቀርጤስ ንጽጽር ነው። በሁለቱም ቦታ 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው የምግብ ኃይል የሚገኘው ከቅባት ነበር። ሆኖም በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው በፊንላንድ እጅግ ብዙ፣ በቀርጤስ ጥቂት ሆነ። ፊንላንዶቹ ቅቤና ወተት ያበዙ ነበር፤ ቀርጤሶቹ የወይራ ዘይት። ልዩነቱ ሳቹሬትድ ፋት በሚባለው፣ በክፍል ሙቀት በሚረጋው ቅባት ላይ ነበር። (በእኛ ገበያ የፓልም ዘይትም ከዚሁ ወገን ነው፤ ዘይት መባሉ አያሳስትዎ። ኑግና ሱፍ ግን አይረጉም።)

ኪስ ብዙ ተተችተዋል፣ ከፊሉም ተገቢ ነው። ጥናቱ ሴቶችን አላካተተም፤ አገሮቹም በዕጣ የተመረጡ አልነበሩም። ከዚህ የከበደው ደግሞ እሳቸው ራሳቸው የተሳተፉበት የሚኒሶታ ሙከራ ነው። በዚያ ሙከራ የሚረጋው ቅባት በበቆሎ ዘይት ሲተካ ኮሌስትሮል ወረደ፣ የሟቾች ቁጥር ግን አልቀነሰም። መረጃው ተሰብስቦ በዝርዝር የወጣው ገና በ2016 ነበር። እንዲህ ያለ ውጤት ለአሥርት ዓመታት መሳቢያ ውስጥ መቆየት አልነበረበትም። ሆኖም ሌሎች ሙከራዎች አንድ ላይ ሲታዩ፣ የሚረጋውን ቅባት በማይረጋው መተካት የልብ ሕመምን ይቀንሳል፤ በስኳርና በነጭ ዱቄት መተካት ግን አይጠቅምም። እኔም ምክሬን አልቀየርኩም።

ኪስ ጡረታ ከወጡ በኋላ በደቡብ ጣሊያን ፒዮፒ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ለረጅም ዓመታት እንደ መንደሩ ሰው እየበሉ ኖሩ። በኅዳር 2004 (እ.ኤ.አ.) በሚኒያፖሊስ በ100 ዓመታቸው አረፉ።