ከተራራ የተማረውን ለድኾች ያዋለ ወጣት
ቅዱስ ፒየር ጆርጆ ፍራሳቲ (1901 – 1925 እ.ኤ.አ.)

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን በጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ ክርስቲያንን ለሽልማት ከሚሮጥ ስፖርተኛ ጋር ማመሳሰሉን እናስታውሳለን። ስፖርተኛ ሥጋውን ያስገዛል፣ ከብዙ ነገር ራሱን ይገታል። ጥያቄው ግን እንዲህ በትጋት የተገኘው ብርታት ለምን ይውላል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ በሕይወቱ መልስ የሰጠ አንድ ወጣት ታሪክ ለውድ አንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ፒየር ጆርጆ ፍራሳቲ በሰሜን ኢጣሊያ በቶሪኖ ከተማ ኤፕሪል 6 ቀን 1901 እ.ኤ.አ. ተወለደ። አባቱ አልፍሬዶ ፍራሳቲ «ላ ስታምፓ» የተባለውን ታዋቂ ጋዜጣ የሚመሩ፣ በኋላም በጀርመን የኢጣሊያ አምባሳደር የሆኑ ሰው ነበሩ። እናቱ አደላይዴ ደግሞ ሠዓሊ ነበሩ። ቤቱ በሀብትና በክብር የተሞላ ቢሆንም፣ አባቱ ከእምነት የራቁ ስለ ነበሩ ልጁ የጸሎትን ሕይወት ከእርሳቸው አልወረሰም።

በትምህርቱም እጅግ የላቀ ተማሪ አልነበረም። በላቲን ቋንቋ ፈተና በመውደቁ ኢየሱሳውያን ካህናት ወደሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ተዛወረ። ይህ ውድቀት በረከት ሆነለት፤ በዚያ ቅዱስ ቁርባንን በየዕለቱ የመቀበል ልማድ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ጠበቀው።

ከቶሪኖ አሻግሮ የሚታየው የአልፕስ ተራራ የወጣትነት ፍቅሩ ነበር። የኢጣሊያ የተራራ ወጪዎች ክበብ አባል ሆኖ ብዙ ከፍታዎችን ወጣ፤ በበረዶ ላይ መንሸራተትንም ይወድ ነበር። በ1924 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋር ጨዋታንና ጸሎትን ያጣመረ «ቲፒ ሎስኪ» የተባለ ማኅበር አቋቋመ። ወደ ተራራ በሚሄድበት ቀን እንኳ መሥዋዕተ ቅዳሴ እንዳያመልጠው ጉዞውን አስቀድሞ ያሰናዳ ነበር።

ተራራ የሚወጣ ሰው ገና ሳይነጋ ይነሣል፤ ከፍታውን እያየ ከመሸበር ይልቅ ቀጣዩን እርምጃ ብቻ ያስባል። ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ገመድ ስለሚታሰርም ብቻውን ቀድሞ ሊደርስ አይችልም፤ ብርቱው ከደካማው ጋር መራመድ ግድ ይሆንበታል።

ፒየር ጆርጆ ይህን ትምህርት ተራራው ላይ ትቶት አልወረደም። ገና በ17 ዓመቱ፣ በ1918 እ.ኤ.አ. የቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ማኅበር አባል ሆኖ የቶሪኖን ድኾችና በሽተኞች በየቤታቸው ይጎበኝ ጀመር። የኪሱን ገንዘብ ለእነርሱ ለማዋል ሲል በባቡር በሦስተኛ ማዕረግ ይጓዝ ነበር። የማዕድን ምሕንድስና ትምህርት የመረጠውም በከባድ ሥራ ለሚደክሙት የማዕድን ሠራተኞች ቅርብ ለመሆን ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. የቅዱስ ዶሚኒኮስ ሦስተኛ ማኅበር አባል ሆነ። የበጎ ሥራውን አብዛኛውን ክፍል ቤተ ሰቦቹ እንኳ አያውቁትም ነበር።

በ1925 እ.ኤ.አ. በጁን ወር መጨረሻ፣ ሊመረቅ ጥቂት ፈተናዎች ሲቀሩት፣ በልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ተያዘ። በሽታው ከጎበኛቸው ድኾች ሳይጋባበት እንዳልቀረ ይታመናል። በእነዚያው ቀናት አያቱ በሞት አፋፍ ላይ ስለ ነበሩ ቤተ ሰቡ ሁሉ በእርሳቸው ተጠምዶ ነበርና እርሱ ሕመሙን ችሎ ዝም አለ። ተራራ ይወጡ የነበሩት ብርቱ እግሮች በጥቂት ቀናት ውስጥ ከዱት። ሰውነቱ ቢዝልም ልማዱ ግን አልከዳውም፤ በሞቱ ዋዜማ እየሰነፈ በሄደው እጁ ለጓደኛው ማስታወሻ ጽፎ፣ ለአንድ ድኻ በሽተኛ መድኃኒት እንዲደርስለት አደራ ሰጠ። ጁላይ 4 ቀን በ24 ዓመቱ ዐረፈ። በቀብሩ ዕለት ወላጆቹ የማያውቋቸው የከተማይቱ ድኾች መንገዱን ሞልተው ሲያለቅሱ ታዩ። ቤተ ሰቡ የልጁን ማንነት በእውነት ያወቀው ያን ጊዜ ነበር።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ሜይ 20 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. ብፅዕናውን፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 14ኛ ደግሞ ሴፕቴምበር 7 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ቅድስናውን አወጁ።

በዓለም ሚዛን ቢታይ ትምህርቱን ያልፈጸመ፣ ሽልማትም ያልተቀበለ ወጣት ነበር። ነገር ግን የተሰጠውን መክሊት አልቀበረም፤ ያለውን ሁሉ አውሎ ጨረሰ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በየቁምስናችን ኳስና ሩጫ የሚወዱ ልጆች ብዙዎች ናቸው። ማሸነፍን ብቻ ሳይሆን ያገኙትን ብርታት ለማን እንደሚያውሉትም እናስተምራቸው። በየዕለቱ የተለማመድነው በጎነት በጭንቅ ቀን አብሮን ይቆማልና።

የቅዱስ ፒየር ጆርጆ አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።