ካሳን ማን ያዳምጠው ነበር?

የምክር አገልግሎት ትምህርት መምህራችን በታሪክ የታወቀ አንድ የሞተ ሰው መርጠን ሕይወቱን እንድንጽፍ ሲያዙን ከክፍላችን ግማሹ ማዘር ቴሬዛን፣ ግማሹ ማንዴላን መረጠ። እኔ የመተማ ልጅ ነኝ። ስለዚህ ብዙም ሳላስብ የቋራውን ካሳ ኃይሉን፣ ማለትም ዐፄ ቴዎድሮስን ያዝኩ። መምህራችንም ፈገግ ብለው፣ ስለ ጦርነቱ ሳይሆን ስለ ሰውየው እንድጽፍ አስጠነቀቁኝ። ምክራቸውን የቻልኩትን ያህል ጠብቄያለሁ።

ጥያቄዬን ያገኘሁት ግን ከመጽሐፍ አይደለም። ለክረምት ዕረፍት ቤተሰቦቼ ዘንድ ገንዳ ውኃ (ሽኸዲ) ወርጄ ሳለ፣ በግሏ የምትሠራ አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ ከሱዳን ለተመለሱ ሰዎች ሥልጠና ልትሰጥ መጣች። በ2015 ዓ.ም ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በመተማ በኩል የገባው ሰው ብዛት የሚታወቅ ነው። እኔም ለተግባር ልምምድ ይሆነኛል ብዬ ስም መዝጋቢ ሆንኩላት። የመጀመሪያው ቀን እውነቱን ለመናገር ከንቱ ነበር። አዳራሹ እንደ ምድጃ ይግላል፣ ሰው ወረቀቱን መራገቢያ አድርጎታል፣ አብዛኛው የመጣው ለአበሉ ነው። በሁለተኛው ቀን ግን ሴትዮዋ ጽሑፏን ዘጋችና ከአዳራሹ ውጪ ኒም ዛፍ ሥር ሁለት ዱካ አስቀምጣ ሰውን አንድ በአንድ መጥራት ጀመረች። እኔን ራቅ ብለህ ተቀመጥ አለችኝ፤ የሰው ምስጢር ነው። ለሁሉም በመጀመሪያ የምታቀርበው ጥያቄ አንድ እንደሆነ በኋላ ነገረችኝ። ክፉ ነገር ሲገጥማችሁ ለማን ነው የምትነግሩት የሚል ነው። ብዙዎቹ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ረጅም ጊዜ ዝም ይሉ ነበር። አንዳንዶቹም ለማንም ብለው ይመልሱ ነበር።

በዚያው ሰሞን አጎቴን እንዲያነጋግሯት ብለምናቸው ተቆጥተው አባረሩኝ። አጎቴ ሰሊጥ አምራች ናቸው። ድሮ ሰው ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ከቀን ሠራተኛው ጋር ይጣላሉ፣ ከጎረቤት ጋር ይካሰሳሉ፣ ማታ ብቻቸውን ደጅ ይቀመጣሉ። እብድ አይደለሁም ነው ያሉኝ። እኛ አገር ለአማካሪ መናገርና ማበድ እንደ አንድ ነገር ነው የሚታየው። እንግዲህ የአማካሪዋን ጥያቄና የአጎቴን ቁጣ ይዤ ነው ወደ ካሳ የሄድኩት። ካሳስ ለማን ነበር የሚነግረው?

ካሳ በ1811 ዓ.ም ገደማ ቋራ ውስጥ ሻርጌ በተባለ ቦታ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ገና ልጅ እያለ ሞተበት። እናቱ አትጠገብ ወንድበወሰን ከባሏ ንብረት የረባ ነገር ሳይደርሳት ልጇን ይዛ ጎንደር ገባች፤ በዚያም ኮሶ እየሸጠች አሳደገችው ይባላል። ኮሶ ለሁሉም ሰው ያስፈልጋል፤ ሻጩን ግን ማንም አያከብረውም። ይህ የኮሶ ነገር እውነት ይሁን የጠላት ወሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከሩበታል። ለእኔ ዋናው ነገር ስድቡ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እስከ ዙፋኑ ድረስ ተከትሎታል፤ ለጠላቶቹም በቀላሉ የሚወረወር ድንጋይ ሆኖላቸዋል።

ልጁ ለትምህርት ጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ተሰጠ። እዚያም ገዳሙን የወረረ ጦር ሕፃናቱን ሲፈጅ ካሳ አምልጦ ወጣ። ዛሬ እንዲህ ያለ ልጅ በመተማ ጣቢያ ቢመጣ የራሱ ፋይል ይከፈትለታል፤ ቢያንስ መከፈት እንዳለበት እናውቃለን። ካሳ ግን ያገኘው መጠጊያ የአባቱ ወገን የሆነውን ደጃዝማች ክንፉን ነው። ክንፉ ደምቢያንና ቋራን የሚገዛ፣ በ1829 ዓ.ም የግብፅን ጦር በድንበሩ ላይ ያሸነፈ ሰው ነበር። እሱም በ1831 ዓ.ም ሞተ። ግዛቱ ለሌላ ተሰጠ፤ ካሳም ቋራ በረሃ ገብቶ ሸፈተ።

ስለ ሽፍትነቱ ብዙ አልጽፍም፣ ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የዘረፈውን ለገበሬው አከፋፍሎ የእርሻ መሣሪያ እንዲገዛበት አደረገ ይባላል። ቋራና መተማ ውስጥ ክረምትን ያሳለፈ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጓንግና ሽንፋ ሲሞሉ መንገዱ ይዘጋል፣ ወባው ይነሳል፣ ያልዘራ ሰው አለቀለት።

ጎንደር ያሉት ገዢዎች ሽፍታውን በጦር ማስገበር ሲያቅታቸው በጋብቻ ሊያስሩት ፈለጉ። የራስ ዓሊን ልጅ፣ የእቴጌ መነንን የልጅ ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ይህ የፖለቲካ ጋብቻ ነበር። የሚገርመው ግን ሁለቱ ተዋደዱ። ከአባቷና ከአያቷ ጋር ሲጣላ ተዋበች ከባሏ ጎን ቆመች። በዚያን ዘመን የመኳንንት ሴት ልጅ ወደ አባቷ ቤት መመለስ ቀላል ነገር ነበር፤ እሷ ግን አልተመለሰችም።

በ1840 ዓ.ም ካሳ በሱዳን ድንበር በኩል ወርዶ ደባርቂ ላይ ምሽግ ከያዘውና መድፍ ካለው የግብፅ ጦር ጋር ተጋጠመ። ጦርና ጎራዴ የያዘ ፈረሰኛ መድፍ ላይ ሲጋልብ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። ብዙ ሰው አለቀበት፣ እሱም ቆሰለ። የሚተረክ ታሪክ አለ። ቁስሉን የሚያክመው ሰው ሰንጋ ቢጠይቅ፣ ከእቴጌ መነን ዘንድ የተላከው አንድ ብልት ሥጋ ብቻ ነበር ይላሉ። ደባርቂን ታሪክ ጸሐፊዎች ለመድፍ ያለው ፍላጎት የተጀመረበት ቦታ አድርገው ያነሱታል፤ ልክ ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። ሽንፈት፣ ቁስልና ስድብ አንድ ላይ የመጡበት ወቅት ነው። በዚያን ጊዜ ከጎኑ የነበረችው ተዋበች ነበረች።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ይሄዳል። በ1845 ዓ.ም ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ በ1847 ዓ.ም ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸነፈ። በዚያው ወር ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። (እዚህ ድረስ አንተ እያልኩ መጥቼ አሁን አንቱ ማለቴን አንባቢ ይታገሰኝ። ሽፍታን አንቱ ማለት፣ ንጉሥን አንተ ማለት አልሆነልኝም።)

በነገሡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ንጉሡ ለሁለት ሰዎች ልባቸውን ይከፍቱ እንደነበር ከተጻፈው መረዳት ይቻላል። አንዷ ተዋበች ናት። ሁለተኛው እንግሊዛዊው ጆን ቤል ነው። ቤል ኢትዮጵያዊት አግብቶ እንደ አገር ሰው የኖረ፣ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የሚል ማዕረግ የተሰጠው ሰው ነው። ሊቀ መኳስ በጦርነት ጊዜ እንደ ንጉሡ ለብሶ የጠላትን ዓይን በራሱ ላይ የሚያዞር ባለሟል ነው። የሁለቱም ጥቅም ምን ነበር? ምክር ሰጡ ብቻ ብሎ ማለፍ ይበቃል ብዬ አላምንም። ምክር የሚሰጥ መኳንንትማ ሞልቶ ነበር። ካርል ሮጀርስ የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ያስተማረን ነገር አለ። ሰውን የሚረዳው መፍትሔ የሚነግረው ሳይሆን ሳይፈርድበት፣ ሳይፈራው፣ ከልቡ የሚሰማው ሰው ነው ይላል። ንጉሥን ሳይፈራ የሚሰማ ከየት ይገኛል? ቴዎድሮስ ሁለት አግኝተው ነበር።

ተዋበች በነሐሴ 1850 ዓ.ም ሞተች። በመጋቢት 1852 ዓ.ም የንጉሡ ወዳጅ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች እጅ ወድቆ ሞተ። በ1853 ዓ.ም መጀመሪያ ደግሞ ንጉሡ ያንን ደም ሊበቀሉ ሲዘምቱ፣ ዘመዳቸው የሆነው ሽፍታ ጋረድ አነጣጠረባቸው። ቤል በመካከል ገብቶ ጋረድን ገደለና እሱም እዚያው ወደቀ። ይህ ሁሉ የሆነው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የተፈጸመው የምርኮኞች ግድያ በጣም የከበደ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም የጽሑፌን የመጀመሪያ ረቂቅ መምህራችን በቀይ ያሰመሩበት እዚህ ነው። እኔ ንጉሡ ከሐዘን የተነሳ እንዲህ ዓይነት ሕመም ያዛቸው ብዬ ስም ጽፌ ነበር። የሞተን ሰው መመርመር አይቻልም፤ ትክክል ናቸው። ከዚህም በላይ ነገሩ አይገጥምም። ንጉሡ ተዋበች በሕይወት እያለችም በወሎና በሸዋ ዘመቻ ጨካኝ ቅጣት ቀጥተዋል። አመፁም ከሐዘን የመጣ አይደለም፤ የመሬት ጉዳይ፣ የካህናቱ ጉዳይ፣ የየአገሩ ባላባት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሐዘኑ ሁሉን አመጣ አልልም። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው። ከ1853 ዓ.ም በኋላ ንጉሡን በቁጣቸው ሰዓት እጃቸውን ይዞ የሚመልስ ሰው የለም። አለቃ ዘነብ የጻፉት ዜና መዋዕል የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ነው፤ አለቃ ወልደ ማርያም ስለ ኋለኛው ዘመን የጻፉትን ሲያነቡት ግን ስለ ሌላ ሰው የሚነበብ ይመስላል።

ንጉሡ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። አባቷን ያሰረ ሰው ሚስት መሆን ምን ትዳር ይወጣዋል? አልሰመረም። የንስሐ መንገድም ቢሆን ጠበበ፤ ከካህናቱ ጋር ተጣልተው ጳጳሱን አቡነ ሰላማን መቅደላ አሰሯቸው፣ ጳጳሱም በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ እዚያው አረፉ። በ1855 ዓ.ም ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ለዓመታት መልስ ሳያገኝ ቆየ። ስለዚህ ደብዳቤ የተጻፈው ሁሉ ስለ ዲፕሎማሲ ነው። እኔ ግን የኒም ዛፍ ሥሩን ወረፋ ካየሁ በኋላ፣ መልስ መጠበቅ ብቻውን ሰውን ምን እንደሚያደርገው አስባለሁ። በ1856 ዓ.ም ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። በ1859 ዓ.ም ጎንደርን አቃጠሉ። እናታቸው ኮሶ ሸጠችባት የተባለችዋን ያችኑ ጎንደር።

መጨረሻው መቅደላ ነው። ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር በኩል በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስጠረጉ ወራት ፈጅተው አምባው ደረሱ። በጸሎተ ሐሙስ ቀን ብዙ እስረኞች ከገደል ተጣሉ። ስቅለት ዕለት አሮጌ ሜዳ ላይ ጦራቸው በእንግሊዞች ተመታ። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ የዘመኑ ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት፣ ሽጉጥ አፋቸው ውስጥ ሲያስገቡ አጠገባቸው የነበሩት ባለሟሎች ቀሟቸው። እኛ በክፍል ስንማር የማስጠንቀቂያ ምልክት የምንለው ይህ ነው። ከዚህ በኋላ ሰው ብቻውን አይተውም። እሳቸው ግን ብቻቸውን ቀሩ። በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አጠፉ። እኛ ቆላ ውስጥ ይህን ሞት ስንተርክ እጅ አለመስጠት እንላለን፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ለወጣቶች ስንተርከው የቅዳሜውን ነገር ሁልጊዜ እንዘለዋለን።

የሰባት ዓመት ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። እናቱ ጥሩወርቅ በመንገድ ሳሉ ሞተች። አማርኛ የሚያውቀው ካፒቴን ስፒዲ የሚባል ሰው አሳዳጊው ሆኖ ነበር፤ ልጁም ወደደው። ኋላ ግን ከእሱ ነጥለው ትምህርት ቤት አስገቡት። በ1872 ዓ.ም ሊድስ ከተማ ውስጥ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ታሞ ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም አልተቀበለውም።

ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት ለአጎቴ አነበብኩላቸው። ስለ አይሻልና ስለ ደረስጌ ሳነብ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙ ነበር፤ ጀግና ይወዳሉ። ተዋበች የሞተችበት ላይ ስደርስ ግን በእጃቸው አስቆሙኝ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ስንት ዓመት ኖሩ ብለው ጠየቁኝ። አሥር ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው አልኳቸው። ቀጥል አላሉኝም። ቆይተው ያቺ ሴትዮ መቼ ነው እንደገና የምትመጣው አሉኝ። ከአዝመራው በኋላ ናት መሰለኝ አልኳቸውና ቡናው ቀረበ።